ከፍጻሜው ወደ ጥንቱ፦ ገበጣን በሲኤንሲ ስለ መቅረጽ

አነስተኛ የሲኤንሲ ማሽን በቤታችሁ አቁማችሁ፣ ሥዕሉንም በኮምፒዩተር ከሣላችሁ በኋላ፣ ከሥራው የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል መወሰን እንደሚያስቸግራችሁ ከቻናሉ ተከታታዮች ብዙዎቻችሁ ስለ ጻፋችሁልኝ፣ ዛሬ ይህንኑ የቅደም ተከተል ነገር፣ አሁን በእጄ ያለውን ከዋንዛ ጣውላ የሚወጣ ባለ ዐሥራ ሁለት ጒድጓድ ገበጣ ምሳሌ በማድረግ፣ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ ወደድሁ። የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር፤ በካም፣ ማለትም የመቁረጫውን መንገድ በሚያሰላ የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ የሚሰናዳ ሥራ ሁሉ መታሰብ ያለበት ከመጨረሻው ቁርጥ ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ነው።

ምክንያቱም እያንዳንዱ ቁርጥ የምንፈልገውን ቅርጽ ባወጣ መጠን፣ እንጨቱን አጽንቶ የያዘውን አካል በዚያው ልክ ይበላል። ካም የመቁረጫውን መንገድ በማስላት ረገድ እጅግ የሠለጠነ ቢሆንም፣ ብሎኑ በየት እንደ ገባ፣ ማጥበቂያው በየት እንደ ቆመ፣ ጣውላው ሲሳሳ ምን እንደሚሆን፣ እኛ ካልነገርነው በቀር በእርሱ ዘንድ ፈጽሞ የለም። ጥንቱንም ቢሆን ማሽኑ ከነጥብ ወደ ነጥብ ከመሄድ በቀር ሌላ ዕውቀት አልተሰጠውም፤ በሚሺጋን የሄሊኮፕተር ክንፍ ይሠራ የነበረው ጆን ፓርሰንስ የክንፉን ጎባጣ መስመር በነጥቦች ከፋፍሎ የማስላትን ሐሳብ ካፈለቀ በኋላ፣ የኤምአይቲ ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1952 በተበሳ ወረቀት የሚታዘዝ ፍሬዛ ሠርተው ሲያሳዩ፣ ማሰቡ ለሰው፣ መታዘዙ ለማሽኑ ተከፍሎ ነበር፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ከፍጻሜው እንነሣ። የገበጣው መጠን 280 በ110 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የመጨረሻው ሥራ ዙሪያውን ቆርጦ ከጣውላው መለየት ነው። የምንቆርጠው በ6 ሚሊሜትር መቁረጫ ከሆነ በየጎኑ 6 ሚሊሜትር ቦይ ይወጣል፤ ከቦዩ ውጭ ደግሞ ብሎን የሚገባበት ቢያንስ 20 ሚሊሜትር ጠርዝ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጣውላው ከ332 በ162 ሊያንስ አይገባውም። የሚገዛውን ጣውላ ልክ የወሰነልን የመጨረሻው ቁርጥ መሆኑን ልብ በሉ። ዙሪያውም ሙሉ በሙሉ እንዳይለቅ፣ 8 ሚሊሜትር ስፋትና 2 ሚሊሜትር ከፍታ ያላቸው አራት ድልድዮች ይተዉለት፤ ቦታቸውም ብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ በሚደርስበት በረጅሙ ቀጥ ያለ ጎን እንጂ በተጠማዘዘው ማዕዘን አይሁን።

ከዚያ በፊት ያለው የጒድጓዶቹ ማለስለሻ ነው፤ የጥበቡም ጣዕም ይበልጡን በዚህ ስፍራ ይገኛል። ጒድጓዱ የሚለሰልሰው ጫፉ እንደ ኳስ በከበበ መቁረጫ ሲሆን፣ መቁረጫው በተመላለሰ ቊጥር በሁለቱ መንገዶች መካከል ቀጭን ሸንተረር ይቀራል። የሸንተረሩ ከፍታ በግምት የሚገኘው፣ በመንገዶቹ መካከል ያለውን ርቀት በራሱ አባዝቶ ለመቁረጫው ግማሽ ስፋት ስምንት እጥፍ በማካፈል ነው። በ6 ሚሊሜትር መቁረጫ ርቀቱን 1.2 ብናደርግ ሸንተረሩ 0.06 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ርቀቱን በግማሽ ቀንሰን 0.6 ብናደርገው ግን ወደ 0.015 ይወርዳል። ጊዜው በእጥፍ ሲጨምር ሸንተረሩ በአራት እጅ ቀነሰ ማለት ነው። ጣት ዘወትር እየገባ ጠጠር ለሚያነሣበት ዕቃ ይህ ጊዜ የሚገባው ነውና እኔ 0.6ን እመርጣለሁ፤ ከዚያ በታች ማጥበብ ግን በብርጭቆ ወረቀት በአጭር ጊዜ የሚፈጸመውን ለማሽን መስጠት ይመስለኛል።

ከማለስለሱ አስቀድሞ ጠፍጣፋ ጫፍ ባለው መቁረጫ ጒድጓዱ ይጐረጐራል፤ ግድግዳውም እንደ ኮንሶ ኮረብታ እርከን እርከን ሆኖ፣ 0.5 ሚሊሜትር ሥጋ ለማለስለሻው ይተውለታል። እዚህ ላይ ፍጥነቱ በሥርዓት ይሰላ፤ ባለ ሁለት ስለት መቁረጫ በደቂቃ 10,000 ጊዜ ሲዞር፣ እያንዳንዱ ስለት በየዙሩ 0.05 ሚሊሜትር እንዲያነሣ ከፈለግን፣ ሦስቱን አባዝተን በደቂቃ 1,000 ሚሊሜትር እናገኛለን። ለጥንቃቄ ብሎ እጅግ ማዘግየት መቁረጫውን አያድነውም፤ ስለቱ መቁረጡን ትቶ እንጨቱን ማሸት ይጀምርና ይግላል፣ ዋንዛውንም ያጠቁረዋል።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው፣ 25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ጣውላ ፊቱን ደልድሎ 22 ማድረግ ነው። የላይኛው ፊት በዚህ ጊዜ ስለሚጠፋ፣ የከፍታው ዜሮ በእርሱ ላይ ቢያዝ ቀጥሎ ያሉት ሥራዎች ሁሉ መነሻቸውን ያጣሉ፤ ስለዚህ ዜሮውን ከጣውላው ሥር፣ ከታች ከተነጠፈው ኤምዲኤፍ ፊት ላይ ያዙት። የብሎኖቹም ራስ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ጠልቆ ይግባ። የመደልደያው ወሰን የሚለካው ከመቁረጫው እንብርት ይሁን ከጠርዙ ደግሞ አጣሩ፤ 20 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መቁረጫ እንብርቱ በወሰኑ ላይ ሲያልፍ ጠርዙ 10 ሚሊሜትር ወደ ብሎኖቹ ይዘልቃልና።

እንዲህ በዐይነ ኅሊና ወደ ኋላ ከተመለሳችሁ በኋላ፣ በፍሪካድም ሆነ በሌላ ካም ሥራዎቹን ከላይ ወደ ታች በተገላቢጦሽ አስገቧቸው። እያንዳንዱንም ሥራ ለየብቻው በጂ-ኮድ ፋይል አውጡት፤ መብራት ድንገት በሚጠፋበት በእኛ አገር ሞተሮቹ የነበሩበትን ስፍራ ይረሳሉና። ማሽናችሁ ግርብል በተባለው የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም የሚሠራና የወሰን ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ከሆነ፣ በጂ54 የመዘገባችሁት የሥራ መነሻ በመብራት መጥፋት አይጠፋም፤ ማሽኑን ወደ ወሰን ማብሪያ ማጥፊያዎቹ፣ ማለትም ወደ ራሱ መነሻ (ሆም)፣ መልሳችሁ፣ የተቋረጠውን አንዱን ፋይል ብቻ ከመጀመሪያው ታስኬዳላችሁ።