ዱዱቪል፦ የነፍሳት ግቢ በካሳራኒ

ካሳራኒ ሲባል የኛ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ስታዲየሙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ከ20 ዓመት በታች የአትሌቲክስ ሻምፒዮና የተካሄደበት። በዚያው በናይሮቢ አካባቢ ዱዱቪል የሚባል ግቢም አለ። «ዱዱ» በስዋሂሊ ነፍሳት ማለት ነው። ግቢው የዓለም አቀፉ የነፍሳት ፊዚዮሎጂና ኢኮሎጂ ማዕከል፣ የኢሲፔ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ነው።

ማዕከሉን እ.ኤ.አ. በ1970 የመሠረቱት ኬንያዊው ተመራማሪ ቶማስ ኦዲያምቦ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የመሩት ደግሞ የፍኖተ ሰላሟ ልጅ፣ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። በልጅነታቸው የአንበጣ መንጋ አዝመራ ሲያወድም ያዩ ሴት፣ አድገው የአፍሪካን ትልቅ የነፍሳት ምርምር ቤት መሩ።

የኢሲፔን ሥራ ለማየት አንድ የበቆሎ ማሳ ይበቃል። አገዳ ቆርቁር የሚባለው ተባይ የእሳት እራት ልጅ ነው። እናቲቱ በሌሊት መጥታ በቆሎው ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ትሉ ተፈልፍሎ አገዳውን ሰርስሮ ይገባል። ተመራማሪዎቹ ከእንግሊዙ የምርምር ተቋም ከሮታምስቴድ ጋር ሆነው ያገኙት መላ «ግፋ-ሳብ» ይባላል። በበቆሎው ረድፎች መካከል ዴስሞዲየም የተባለ ተክል ይዘራል፤ ሽታው የእሳት እራቷን ያባርራታል። በማሳው ዙሪያ የዝሆን ሣር ይተከላል፤ እሱ ደግሞ ይስባታል። እንቁላሏን እዚያ ስትጥል ብዙው ትል በሣሩ ሙጫ ተይዞ ይሞታል። የዴስሞዲየም ሥርም አቀንጭራ የተባለውን አረም ያመክናል፤ ቅጠሉም ሣሩም ለከብት መኖ ይሆናል።

የእሳት እራትና ቢራቢሮ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። በኬንያ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ በገዲ ከአራቡኮ-ሶኮኬ ደን አጠገብ፣ የኢሲፔ ባይሆንም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ «ኪፔፔዮ»፣ ማለትም «ቢራቢሮ»፣ የተባለ ፕሮጀክት አለ። ገበሬዎች ቢራቢሮ እያረቡ ሙሽሬውን ለውጭ አገር የቢራቢሮ ማሳያዎች ይሸጣሉ። ቢራቢሮው ያለ ደኑ አይኖርምና ገቢው ደኑ እንዳይቆረጥ ምክንያት ይሆናል፤ ስሟን ከደኑ የወሰደችው ትንሿ የሶኮኬ ጉጉትም ጎጆዋን አታጣም።

አንዷ በማሳ ትባረራለች፣ ሌላዋ በእንክብካቤ ትረባለች፤ ሁለቱንም ሥራ የሚያሳካው ጠባያቸውን ማወቅ ነው። እኛም በማሳችን ትል ስናይ፣ መድኃኒቱን ከመርጨታችን በፊት፣ «ማን ነህ? ከየት መጣህ? ምን ትበላለህ?» ብለን እንጠይቅ።