የእሷስ ተራ መቼ ነው?

ሁለት ሥራ ወዳድ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ አንድ የማይቀር ጥያቄ አለ። የአንዱ ሥራ ወደ ሌላ ቦታ ሲጠራው ሌላው ምን ይሁን? የተከተለውስ ሰው ተራው መቼ ይደርሳል? በቤታችሁ ተነጋግራችሁበት ይሆናል፤ ወይም በዝምታ አልፋችሁት ይሆናል። ዛሬ ይህ ጥያቄ የገጠማቸውን፣ ዕድሜያቸውን በመጽሔት ሥራ ያሳለፉ ሁለት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ታሪክ ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

በአንድ መጽሔት የተገናኙ

ሃሮልድ ሮስ የተባለ ጋዜጠኛ «ዘ ኒው ዮርከር» የተሰኘውን ሳምንታዊ መጽሔት በኒው ዮርክ ከተማ የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1925 ነበር። በዚያው ዓመት ካትሪን ኤንጀል የተባለች የሁለት ልጆች እናት ከጸሐፊዎች የሚላኩትን ጽሑፎች በትርፍ ሰዓት እንድታነብ ተቀጠረች። ብዙም ሳይቆይ ሥራው ሙሉ ቀን ሆነ፤ በኋላም የልብ ወለድ ክፍሉን መምራት ጀመረች። ከሚላኩት ጽሑፎች መካከል የአንድ ወጣት አጫጭር መጣጥፎች ዓይኗን ሳቡት። ሮስ እንዲቀጥረው የመከረችውም እሷ ናት። ወጣቱ ኢ. ቢ. ዋይት ይባላል።

ሁለቱ በ1929 ተጋቡ። እሷ በሰባት ዓመት ትበልጠው ነበር። ነገሩ ግን ያለ ዋጋ አልሆነም። የመጀመሪያ ትዳሯ በፍቺ ፈርሷል፤ ልጆቿም በአብዛኛው ያደጉት ከአባታቸው ጋር ነው። ይህን የምነግራችሁ ቤታቸውን እንከን የሌለው አድርጌ እንዳላቀርብላችሁ ብዬ ነው። ከእነሱ የምንማረው ሌላ ነገር አለ።

አንዱ ሲወስን ሌላው ሲከተል

ዋይት በየሳምንቱ ለመጽሔቱ የሚጽፈው አስተያየት ስሙ ሳይጠቀስ፣ «እኛ» እየተባለ የሚወጣ ነበር። ከጊዜ በኋላ ይህ ሰለቸው። በራሱ ስም፣ «እኔ» ብሎ መጻፍ ፈለገ። ስለዚህ በ1938 ቤተሰቡን ይዞ በሜይን ግዛት፣ በባሕር አጠገብ ወደሚገኘው እርሻቸው ሄደ። ዶሮና በግ እያረባ «ሃርፐርስ» ለተባለው ወርኃዊ መጽሔት በስሙ ይጽፍ ጀመር። እነዚያ ጽሑፎች በ1942 በመጽሐፍ መልክ ወጥተው ስሙን ከፍ አደረጉት።

ካትሪንስ? የምትወደውን የኃላፊነት ቦታ ለቀቀች። ነገር ግን ሥራዋን ጨርሶ አልተወችም። ጽሑፎቹ በፖስታ ወደ እርሻው ይመጡላታል፤ አንብባና አርማ መልሳ በፖስታ ትልካለች። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1943፣ ሁለቱም ወደ መጽሔቱ ተመለሱ። በ1957 ደግሞ ኑሯቸውን ጠቅልለው ወደ ሜይን ሄዱ።

የአርታኢ ሥራ ምን እንደሆነ አስቡት። ጸሐፊው ያላየውን ጉድለት ታያለች፤ ዓረፍተ ነገሩ የት ላይ እንደሚያነክስ ትነግረዋለች፤ ተስፋ ሲቆርጥ በደብዳቤ ታበረታታዋለች። ዝነኞቹ ደራሲያን ቭላድሚር ናቦኮቭና ጆን አፕዳይክ በመጽሔቱ ላይ ሲጽፉ ጽሑፋቸው በእሷ እጅ አልፏል። በታሪኩ ላይ የሚታተመው ግን የደራሲው ስም እንጂ የአርታኢዋ አይደለም።

ባሏም መጻፉን ቀጠለ። ሸረሪትዋ ጓደኛዋን አሳማ ከመታረድ የምታድንበትን «የቻርሎት ድር» የተሰኘ የልጆች መጽሐፍ በ1952 አሳተመ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ከጨረሰ በኋላ ለብዙ ወራት አስቀምጦት እንደገና ነው የጻፈው። ትዕግሥቱ ፍሬ አፈራ፤ መጽሐፉ ዛሬም ልጆች እጅ ላይ አለ።

በስተርጅና የተጀመረ ጽሑፍ

ካትሪን ለብዙ ዓመታት የልጆች መጻሕፍትን በመጽሔቱ ላይ ስትገመግም ቆይታለች። በ1958፣ በ65 ዓመቷ፣ ማንም ያላሰበውን ነገር ይዛ መጣች። የአበባና የአትክልት ዘር ነጋዴዎች ለደንበኞቻቸው የሚልኩትን ካታሎግ እንደ ሥነ ጽሑፍ ወስዳ ሒስ ጻፈችበት። የነጋዴዎቹን አጻጻፍ፣ ምርጫቸውንና ማጋነናቸውን ልክ እንደ ደራሲ ሥራ መረመረች። አንባቢው ወደደው። እስከ 1970 ድረስ 14 እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን አወጣች። ጽሑፎቹን ሰብስባ በመጽሐፍ የማሳተም ሐሳብ ነበራት፤ ይሁን እንጂ ሕመም አቅሟን እየወሰደው ሄደ። መጽሐፉን ሳታይ በ1977 አረፈች።

በ1978 ባሏ ለዕድሜ ልክ ሥራው የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት ተሰጠው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የእሷ መጽሐፍ ታተመ። ጽሑፎቿን የሰበሰበውና መግቢያውን የጻፈው ባሏ ነው። በመግቢያውም ካትሪን በመጨረሻ ዓመታቷ፣ ሰውነቷ ደክሞ ሳለ፣ በየበልጉ የሚያብቡት አበቦች በመከር ሲተከሉ ውጪ ተቀምጣ ትመራ እንደነበር ያስታውሳል። አበባውን ለማየት መድረሷን እርግጠኛ ሳትሆን ታስተክል ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የሰዎችን ጽሑፍ ለኅትመት ስታበቃ የኖረችውን ሴት ጽሑፍ በመጨረሻ ለኅትመት ያበቃው ባሏ ሆነ።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ሳስብ ልቤ በደስታም በሐዘንም ይነካል። ደስታው፣ ባልየው የሚስቱን ተራ አለመርሳቱ ነው። ሐዘኑ፣ ተራው ሲደርስ እሷ አለመኖሯ ነው። ጥፋቱ የእሱ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሕመምና ጊዜ ማንንም አይጠብቁምና። እኛ ግን ገና በሕይወት አብረን አለን።

እስቲ ዛሬ ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ አንዳችሁ ሌላውን ጠይቁ። ለእኔ ብለህ የተውከው፣ ለእኔ ብለሽ ያቆየሽው ሥራ አለ? ሳይጨረስ የቀረ ትምህርት፣ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ደብተር፣ ሊከፈት ታስቦ የቀረ ሱቅ ይኖራል። መልሱ ቶሎ ላይመጣ ይችላል፤ የተከተለ ሰው መከተልን ስለለመደ መጠየቁ ራሱ ያስደነግጠዋል። ታገሡትና ደግማችሁ ጠይቁ። ከዚያም የምትችሉትን አንድ ነገር አድርጉ፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ልጆቹን ያዙለት፣ የጻፈችውን አንብቡላት፣ ለመመዝገቢያው የሚሆን ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ። የባለቤታችሁን መጽሐፍ መግቢያ የምትጽፉት ባለቤታችሁ ሊያነበው በሚችልበት ጊዜ ይሁን።