መኪና የእግረኛ መንገድ ላይ ሲቆም የሚጎዳው ማን ነው?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ጨጓራ አይደለም፤ ስለ መኪና ማቆሚያ ነው። «ዶክተር፣ ይሄ የትራፊክ ፖሊስ ሥራ አይደል እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ነው። ግን ትራፊክ ፖሊስ ያላስቆመው ነገር መጨረሻው እኛ ጋ፣ ድንገተኛ ክፍል ነው።

በደብረ ሲና ያለፈ ሰው የምለው ይገባዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ዋና መንገድ ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል። አውቶቡሱ መንገደኛው ቆሎ እንዲገዛ ይቆማል፣ ከባድ መኪናው ለምሳ ይቆማል፣ ባጃጁ ሰው ሊጭን ይቆማል። ቦታ ሲጠብ ሁለት ጎማ የእግረኛው መሄጃ ላይ ይወጣል። ተማሪው፣ ቆሎ ሻጯ፣ ልጅ ያዘለች እናት ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ።

አስፋልቱ ላይ የሚመጣው ደግሞ ከጣርማ በር ቁልቁለቱን የወረደ መኪና ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደጋግሞ የተረገጠ ፍሬን ይግላል፣ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል (ያ የሚያፍን የቃጠሎ ሽታ እሱ ነው)። ላዩ ላይ ጉም ጨምሩበት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ ሰው አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ብቻ ይቺ አንድ ሰከንድ ታልቃለች። ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ብቅ ያለ የሰባት ዓመት ልጅ ሹፌሩን አያየውም፣ ሹፌሩም እሱን አያየውም። ልጁ ቢያይ እንኳ በዚያ ዕድሜ የመኪናን ፍጥነትና ርቀት በትክክል መገመት ገና አልዳበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የትራፊክ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው ይገድላል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ቀዳሚው የሞት ምክንያት ነው።

ሌላው ጉዳት ድምፅ የለውም። የእግረኛ ንጣፍ የተሠራው ለሰው ክብደት ነው። ጭነት መኪና ሲወጣበት ይሰነጠቃል፣ ይነቃነቃል። መኪናው ሄዶ ስንጥቁ ይቀራል። የዓይን ሞራ ያለባቸው እማማ በከዘራ ሲሄዱ እዚያ ላይ ይደናቀፋሉ። በእርጅና ዘመን የዳሌ አጥንት ስብራት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፦ ከአምስት ሰው አንዱ፣ ከዚያም በላይ፣ በዓመቱ ውስጥ ሕይወቱ ያልፋል። ከአልጋ ያለመነሳት፣ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋት ይከተላሉ። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰውማ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው፣ በቃ።

ሹፌሮችን ስጠይቅ «አስፋልቱ ላይ ባቆም ሌላው ይገጨኛል፣ መንገድም እዘጋለሁ» ይሉኛል። እውነት አላቸው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ የሚቆሙበት ሌላ ቦታም አልተሰጣቸውም። ግን መፍትሔያቸው አደጋውን ከብረት ለብሶ ከሚሄደው አንስቶ ነጠላ ለብሶ ወደሚሄደው ማዞር ነው። ስለዚህ ይፈቀድ ወይ ለሚለው የእኔ መልስ አይፈቀድ ነው፤ አምቡላንስ ሲሆን ወይም መኪና ሲበላሽ ካልሆነ በቀር። ለንደን ከ1974 እ.ኤ.አ. ሕግ ጀምሮ ከልክላለች፣ ኤድንብራ በጥር 2024 መቅጣት ጀምራለች። አዲስ አበባ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር የሚደረግባት ከተማ ናት፤ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችን ሠርቷል።

ቅጣት ብቻውን ግን ደብረ ሲናን አይፈታትም። አውቶቡስና ከባድ መኪና ከዋናው መንገድ ወጣ ብለው የሚቆሙበት ቦታ ያስፈልጋል፣ ቆሎ ሻጮቹም እዚያው መሸጫ ይኑራቸው። እነሱ ከተረሱ እንጀራቸውን ተከትለው አስፋልት ላይ መመለሳቸው አይቀርም፤ ማን ይፈርድባቸዋል?

እስከዚያው፦ ወደ አስፋልት መውረድ ግድ ከሆነባችሁ መኪናው ፊት ለፊት በሚመጣበት በኩል ሂዱ፣ ልጁን ከዳር በኩል ያዙት፣ ከቆመ መኪና ጀርባ ከመውጣታችሁ በፊት ቆም ብላችሁ እዩ። በጉም ቀን ደማቅ ልብስ ልበሱ። ሰው ተገጭቶ ካያችሁ፣ ሌላ መኪና የሚደርስበት ቦታ ላይ ካልሆነ በስተቀር፣ ጎትታችሁ አታስቀምጡት፣ አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ውሃ አታጠጡት። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ጥሩ።