የጮቄ አፈር ዕዳ የማን ነው?

«መሬቴን እንደ ፈለግሁ ባርስ ማንን እነካለሁ?» የሚል ሰው በደብረ ማርቆስ ዙሪያ አይጠፋም። ነገር ግን ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋና ሱሃ የሚነሱት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ጮቄ ተራራ ነው፤ መድረሻቸውም ዓባይ ነው። ተዳፋት ላይ እርከን ሳይሠራለት የታረሰ ማሳ በክረምት ሲታጠብ ባለማሳው ምርት ያጣል። ከሥሩ ያለው ጎረቤት ማሳው በደለል ይሸፈንበታል፣ የተረፈው ደለልም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ያመራል። ይህ ኪሳራ በጤፉ ዋጋ ውስጥ የለም፤ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

«እርከን የገበሬው ጥቅም ስለሆነ ወጪውም የእሱ ነው» ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። በደንበጫ አካባቢ በአንጀኒ ተፋሰስ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአፈር መሸርሸር ሲለካ ቆይቷል፤ እዚያ የተሠራው እርከንም ከዓመት ዓመት ተዳፋቱን ወደ ደረጃ ቀይሮታል። ይሁንና እርከን መሬት ይሻማል፣ አይጥ ይደብቃል፣ ጉልበት ይበላል። ገበሬው ይህን ሁሉ ብቻውን ሲሸከም፣ ጥቅሙን ከታች ያለው ሁሉ በነፃ ይካፈላል።

ወጪን በሌላ ላይ መጣል በአፈር ብቻ አያበቃም። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የደጋ ወጣትስ? «ይዞ የሚመለሰው ብር ነው» እንላለን። ወባና ካላዛርም ይዞ ሊመለስ ይችላል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የተከሰተው የካላዛር ወረርሽኝ ከቆላ ከተመለሱ የቀን ሠራተኞች ጋር ተያይዟል። ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም። የሰሊጥ እርሻው ባለሀብት ጉልበቱን ሲገዛ የአጎበሩንና የሕክምናውን ወጪ ለመንደሩ ትቶለታል።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔ ግብር ሲነሳ፣ «ግብር ከድሃ መንጠቂያ ነው» የሚለው እምነት ጎጃም ውስጥ በቂ ምክንያት አለው። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሕዝቡ አምፆ መንግሥት ጦር አዝምቶበታል፤ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ለመሰረዝ ተገድደዋል። ሆኖም ግብር ጉዳትን ከአድራጊው ጋር ማገናኛም ሊሆን ይችላል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ሕግ አሮጌ መኪና ላይ ከበድ ያለ ታክስ የጣለው ጭሱን የሚተነፍሰው መንገደኛው ስለሆነ ጭምር ነው። ይህን ስሌት በማገዶ ላይ መድገም ግን ግፍ ነው። ሌላ አማራጭ የሌላት እናት በጭሱ መጀመሪያ የምትጎዳው ራሷ ናት፤ የሚያስፈልጋት ማገዶዋን እስከ ግማሽ የሚቀንስላት «ምርጥ» የተባለውን ምድጃ በድጎማ ማግኘት ነው።

ስለዚህ ከዓባይ ኃይል የምንጠቀም የከተማ ሰዎችም ከመብራት ሒሳባችን ጥቂት ሳንቲም ለጮቄ እርከን እንክፈል።