ንግሥት ንብ ማርባትና የንብ መንጋ ማባዛት
(በጎንደር ዙሪያና በሰሜን ጎንደር ደጋ ለሚገኙ ንብ አናቢዎች)

ጎንደር ንብን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከተማይቱን ባቃጠሉ ጊዜ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያዳናት የንብ መንጋ እንደ ሆነ አባቶች ይተርካሉ። ይሁን እንጂ ብዙ አናቢዎች ዘመናዊ ቀፎ አግኝተው የሚያስገቡበት መንጋ ያጣሉ። ማጥመጃ ቀፎ ሰቅሎ መጠበቅ በዕድል የሚወሰን ነው፤ መንጋ መግዛትም ገንዘብ ይጠይቃል። የራስን መንጋ ከፍሎ ማባዛት የተሻለ መንገድ ነው። ሆኖም ያለ ጊዜው የተከፈለ መንጋ ሁለት መሆኑ ቀርቶ ሁለት ባዶ ቀፎ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ አሠራሩን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ስለ አውራዋ

በየገጠሩ «አውራ» እየተባለች የምትጠራው ንብ ሴት ናት፤ የመንጋው እናትም እርሷ ናት። ወንዱ ድንጉላው ነው። አውራዋና ሠራተኛዋ የሚገኙት ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው፤ የሚለያያቸው ምግብና ቤት ነው። ሠራተኞቹ ለአውራነት የመረጡትን እጭ እስከ መጨረሻው በልዩ ወተት መሳይ ምግብ ይቀልባሉ፤ ቤቱንም አስፍተው ቁልቁል ይሠሩታል። ቅርጹ ኦቾሎኒ ይመስላል።

እንቁላሉ በ3ኛው ቀን ይፈለፈላል፤ ቤቱ በ8ኛው ቀን ገደማ ይደፈናል፤ አውራዋ በ16ኛው ቀን ገደማ ትወጣለች። ከሳምንት ያህል በኋላ ወደ ውጭ በርራ ከብዙ ድንጉላዎች ጋር ትገናኛለች፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም እንቁላል መጣል ትጀምራለች።

መቼ ይከፈላል?

በደጋው አገር ንብ በተፈጥሮው የሚባዛው ክረምቱ አልፎ አደይ አበባና መች በሚያብቡበት በመስከረምና በጥቅምት ነው። ያን ጊዜ አበባ አለ፤ ድንጉላም አለ። ድንጉላ በሌለበት ወራት የወጣች አውራ ሳትገናኝ ስለምትቀር መንጋው ይጠፋል። አበባው ካለቀ በኋላ መክፈልም አይገባም፤ አዲሱ መንጋ ለበጋው የሚሆን ስንቅ አያገኝምና።

እንዴት ይከፈላል?

1ኛ/ ጠንካራ፣ ማር የሚሰጥ፣ ቶሎ የማይሰደድና ጠባዩ የረጋ መንጋ ይመረጣል። የልጆቹ ጠባይ ከእናት እንደሚወረስ መዘንጋት አይገባም።

2ኛ/ የላይኛው ሣጥንና ባዶ ፍሬሞች ተነሥተው መንጋው እንዲጨናነቅ ይደረጋል። አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ውኃ ተበጥብጦ ማታ ማታ ይሰጠዋል። የተጨናነቀ መንጋ የአውራ ቤት ይሠራል።

3ኛ/ በየ5 ቀኑ ይታያል። ቤቶቹ መደፈን እንደ ጀመሩ በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በማጨሻና በመከላከያ ልብስ ይከፈላል። ከዘገየ መንጋው ከነአሮጊቷ አውራ ይሰደዳል።

4ኛ/ አሮጊቷ አውራ በአንዱ ሣጥን ትቀራለች፤ በዚያ ያሉ የአውራ ቤቶች ይነሣሉ። በሁለተኛው ሣጥን ሁለት ያማሩ የአውራ ቤቶች ያሉበት ፍሬም፣ የተደፈነ እጭ ያለባቸው ፍሬሞች ከነንባቸው፣ እንዲሁም ማርና የአበባ ዱቄት ያለባቸው ፍሬሞች ይገባሉ። የአውራ ቤት ያለበት ፍሬም መገልበጥም መራገፍም የለበትም፤ በተለይ እንደ ደባርቅ ባለው ብርዳማ አገር ሳይሸፈን መቆየት የለበትም።

5ኛ/ ሁለቱ ሣጥኖች ከቀድሞው ቦታ ግራና ቀኝ በእኩል ርቀት ይቀመጣሉ። ንቡ ወደ አንዱ ካደላ ያ ሣጥን ጥቂት ፈቀቅ ይደረጋል። አውራዋ ከበረራ ስትመለስ እንዳትሳሳት በየሣጥኑ ፊት የተለያየ ቀለም ይቀባል።

ይህ አሠራር ፍሬም ወይም ርብራብ ላለው ቀፎ ነው። በጭቃ በተመረገ ባህላዊ ቀፎ ያለ መንጋ አስቀድሞ መዛወር ይኖርበታል።

ከተከፈለ በኋላ

አዲሱ ሣጥን ለሁለት ሳምንት ያህል አይነካካም። በ3ኛው ሳምንት ተከፍቶ እንቁላል ይፈለጋል። በየጉድጓዱ አንድ አንድ እንቁላል ከታየ ሥራው ተሳክቷል። በአንድ ጉድጓድ ብዙ እንቁላል ተበታትኖ ከታየ ግን አውራ ሳትኖር ሠራተኞች መጣል ጀምረዋል ማለት ነው። ምንም እንቁላል ካልተገኘ ጥቂት ቀን ተጠብቆ እንደገና ይታያል፤ አሁንም ከሌለ ንቡ ሳይዳከም አውራ ካለው መንጋ ጋር ይቀላቀላል።

አንዲት ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስከምትወጣ 3 ሳምንት ያህል ይፈጃል። በመስከረም መጀመሪያ የተከፈለ መንጋ የራሱን ንብ የሚያገኘው በጥቅምት አጋማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ ከተከፈለ መንጋ በዚያው ዓመት ብዙ ማር አይጠበቅም። ያለውም ማር ተቆርጦ መወሰድ የለበትም፤ ለበጋው ስንቁ ነው።

በዚህ ምክንያት አናቢው ያለውን መንጋ ሁሉ በአንድ ዓመት እንዳይከፍል እንመክራለን። ሦስት ቀፎ ያለው አንዱን ይክፈል፤ ሁለቱን ለማር ይተው። የቀፎው መቆሚያ እግር ጉንዳን እንዳይወጣበት ዘወትር ይጠበቅ፤ ጎረቤትም ፀረ ተባይ ሲረጭ አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ስምምነት ይደረግ። የተከፈለበትን ቀን በቀፎው ክዳን ላይ መጻፍም አይዘንጋ፤ ከተከፈለ በኋላ የሚቆጠሩት ቀናት የሚጀምሩት ከእርሱ ነውና።