አንድ ድምፅ በ600 ብር

ሐራጅ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላችሁ ባንኮች በጋዜጣ የሚያወጡት የቤትና የመኪና ማስታወቂያ ነው አይደል? እኔ አሶሳ ያየሁት ግን ሌላ ነው። አንድ ሽማግሌ ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው የቤቱን ዕቃ ግቢ ውስጥ ዘርግተው ለጨመረ ይሸጣሉ። ፍርድ ቤት የለ፣ መዶሻ የለ፤ ታላቅየው ልጅ ዕቃውን ከፍ አድርጎ ይጠራል፣ የጨመረ ይወስዳል።

እውነት ለመናገር የሄድኩት ለቲክቶክ ቪዲዮ ልቀርጽ ነው። ዕቃውም ለካሜራ የተሠራ ነው የሚመስለው፦ ብርጭቆው የጠቆረ ፋኖስ፣ አፉ የተሸረፈ ጀበና፣ ሙቀጫ ከነዘነዘናው፣ ድሮ የተገዛ ፊሊፕስ ሬዲዮ። ከእንጨት የተፈለፈለ ገበቴም አየሁ። የሊጥ መስሎኝ ስጠይቅ ሳቁብኝ። ለካ የወርቅ ማጠቢያ ነው! ወንዝ ዳር አሸዋውን ከውኃ ጋር እያሽከረከሩ ቀላሉን ያፈሱታል፣ ከባዱ ወርቅ ከታች ይቀራል። በ150 ብር ወጣ። የገዛችው እንጀራ ጋጋሪ ናት፣ ሊጥ ልታቦካበት። (ስቀውብኝ ነበር እኮ።)

ከዚያ ረጅሙ ነገር ወጣ። ቅል በቅል ውስጥ እየተሰካ የተሠራ ጥሩምባ። በርታዎች ዋዛ ይሉታል፤ የአማርኛውን ዋዛ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማ የሚሆነው ረጅሙም አጭሩም ተሰልፎ፣ እያንዳንዱ ነፊ ተራውን ጠብቆ የራሱን ድምፅ ሲያስገባ ነው። አንድ ሰው ከቀረ ዜማው እዚያ ቦታ ላይ ይበሳል። ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን ብሉ ናይል ያሉት በርታዎችም ይነፉታል።

ለምግብ ቤቱ ግድግዳ የፈለገ ሰውዬ «500!» አለ። እኔም ሳላስበው «600!» አልኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሎ ታየኝ።

ይሄኔ ጥግ ላይ የተቀመጡ አዛውንት ተነሡ። «ልጄ፣ እሱን አስቀምጠው። አባትህ ነፊው ነበር እንጂ ባለቤቱ አልነበረም። የሁላችን ነው።»

ግቢው ጸጥ አለ። ልጁ አንገቱን ደፋ። የአባቱ የሕክምና ዕዳ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። «አባባ፣ ብመልሰውስ ማን ይነፋዋል? የሚነፋው እኮ ሞቷል» አላቸው።

«መጀመሪያ ይመለስ። ነፊ እንፈልጋለን።»

ቤት ገብቼ በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 አገላበጥኩ። ቅርስ የመንግሥትም የሌላ ሰውም ንብረት ሊሆን ይችላል ይላል። አንድ ድምፅ የማን ነው ለሚለው ግን የሰማሁት መልስ የአዛውንቱን ነው። እኔ 600ዬን አነሣሁ። ሰውዬው ግን «700!» አለ፣ ድምፁን ቀንሶ።

ልጁ አላየውም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። ጥሩምባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ «እሺ፣ ፋኖስ!» ብሎ ተጣራ። በ200 ብር ወሰድኩት። ክር የለውም።