መርዛም ብረታ ብረትን ከውኃ ስለሚለዩ ደቂቅ ፍጥረታት

ከፋብሪካ በሚወጣ ውኃ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደ ዚንክ፥ እንደ ካድሚየምና እንደ እርሳስ ያለ የብረት ወገን ሟሙቶ ይገኛል። ይህም እንደ ሌላው ቆሻሻ በስብሶ አይጠፋም፤ ውኃው ቢፈላም አይለቅም። ውኃው ለዓይን ጥሩ መስሎ ሳለ ሰውንና ከብትን ይጎዳል። ስለዚህ ብልሃቱ ብረቱን ከውኃው መለየት ነው።

ለዚህም ሥራ ባክቴሪያ የሚባሉት፥ ዓይን የማያያቸው ደቂቅ ፍጥረታት ያገለግላሉ። ከእነርሱም አንዱን ወገን ቤየሪንክ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. አገኘ። እነዚህ አየር በሌለበት ጭቃ ይኖራሉ፤ ሰልፌት የተባለውን የድኝ ጨው ለውጠው እንደ ገማ ዕንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣሉ። ጋዙም ከሟሟው ብረት ጋራ ሲገናኝ፥ ብረቱ በውኃ የማይሟሟ ደቃቅ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል።

በዚያው በሆላንድ፥ በቡደል፥ በ1892 በተቋቋመው የዚንክ ማቅለጫ አጠገብ የከርሠ ምድሩ ውኃ ተበክሎ ነበር። ከ1992 ጀምሮ ግን ውኃው እየተሳበ ወደ ተዘጋ ገንዳ ይገባ ጀመር፤ ለባክቴሪያዎቹም አልኮል ምግብ ሆናቸው። የዘቀጠው ዚንክ ተሰብስቦ ወደ ማቅለጫው ተመለሰ። የተረፈው ጋዝም መርዝ ስለ ሆነ፥ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ድኝ ለወጡት።

እንግዲህ ባክቴሪያዎቹ መርዙን ይለያሉ እንጂ አያጠፉም። ዝቃጩን ሰብስቦ የሚጠብቅ ሰው ከሌለ፥ መርዙ ተመልሶ ወንዝ ይገባል።